የአስቻለው ልብ ጤነኛ ነበር

የአስቻለውን ሞት በስልክ የነገረኝ የለም። ያረዳኝም የለም። ቆሜ እያየሁ ነው የሞተው። ስለዚህ ጁባ ያለ ሀበሻ በሙሉ ተሰብስቦ “ልቡ ነው፤ ድንገት ቀጥ ብሎበት ነው” ቢለኝ አልሰማም። ብረት ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ የሚዘፍን ሰው ነበር፤ ልቡ ምንም አልነበረውም። “ቀኑ ደርሶ ነው” የሚሉኝም አሉ፤ እነሱን ጭራሽ ማየት አልፈልግም። ቀኑ አልደረሰም። ጎትተው ነው ያመጡበት። እሱም አብሯቸው ጎትቷል፤ እሱንም አልማረውም።

በሞተ ሰው ይናደዱበታል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይናደዱበታል እንጂ! አስቻለውን ብታውቁት ኖሮ እናንተም በንዴት ትበግኑ ነበር።

ቶንፒንግ በሚባለው ሰፈር፣ ከኤርፖርቱ ብዙም ሳይርቅ፣ የአንድ ሀበሻ ሆቴል ስቶር ኪፐር ነበርኩ። አንሶላውም፣ ሳሙናውም፣ ቀለሙም፣ ድሪሉም የሚያልፈው በእኔ እጅ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ሙሉጌታ ኮንቴይነር እየገዙ መኝታ ክፍል ያደርጋሉ። ከውስጥ ኮምፔርሳቶ ሲለብስና ኤሲ ሲገባለት የብረት ሳጥን መሆኑ ይረሳል። መስኮቱን ቆርጦ የሚያወጣው፣ በሩን የሚገጥመው፣ በረንዳውን የሚበይደው ብረት ሠራተኛ አስቻለው ነበር።

ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ጆሮው ድረስ ይወጣል። መስመር ቀጥ ማለቱን የሚያየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን ጉንጩ ውስጥ ወሽቆ ነው። እግሩ ላይ ሁልጊዜ ሸበጥ ነው። “አንተ ሰው፣ ብረት እየቆረጥክ በሸበጥ?” ስለው፣ “ሂርዬ፣ በዚህ ሙቀት እግሬም ነፍስ አለው እኮ፤ ይተንፍስ እንጂ!” ይላል። ሥራውን መቼ እንደሚያደርስ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ “ያልቃል!” ቀን የለው፣ ሰዓት የለው። ደግሞም ያልቃል። የእኔ ስቶር በር በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም ነበር። ማንም ሳያዘው አንድ ቀን ምሳ ሰዓቱን ሠዋና አስተካከለው፤ ከዚያ ወዲህ በትንሿ ጣቴ ነው የምከፍተው።

በሩ ላይ ሻይ የምትሸጥ ማማ ሜሪ የምትባል የጁባ ሴት አለች። ከሰሏን መሬት ላይ፣ ብርጭቆዎቿን ካርቶን ላይ አድርጋ ስትሠራ አያትና ከቁርጥራጭ ብረት ጎማ ያለው ጠረጴዛ ሠራላት። ሥራዋን ስትጨርስ እየገፋች ግቢ ታስገባዋለች። ዘበኛው አላስገባም ሲላት፣ አስቻለው በዓረብኛም፣ በአማርኛም፣ በእጁም እየተናገረ ሰውየው ታክቶት “ካላስ፣ ካላስ!”፣ በቃ በቃ፣ እስኪል ድረስ ተሟገተላት። ባየችው ቁጥር “ሀበሻ ታና!” ትለዋለች፤ ሀበሻችን ማለቷ ነው። የሻይ ልክፈል ሲላት ትቆጣለች። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ለሰው ጠረጴዛ ጎማ የሚያስብ ሰው ለገዛ እግሩ ጫማ አያስብም?

ወደ አሟሟቱ፣ ወደ ሶኬቱ ነገር ልምጣ።

ሶኬቶቹ የተገዙት ለእኛ አይደለም። ክፍሎቹን ሊከራይ የመጣ የውጭ ድርጅት፣ ሴፍቲ ሶኬት በሌለበት ክፍል ሠራተኞቼን አላሳድርም ብሎ ድርቅ ስላለ ነው። ለካዋጃ፣ ለፈረንጅ ማለት ነው፣ ፀጉር ማድረቂያ የተገዛ ሶኬት ነው ባጭሩ። መሃሉ ላይ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ መሞከሪያ፣ አንዱ መመለሻ። የገጠመው ኤሌክትሪሺያን ሲያስረክበኝ አስረድቶኛል። የወጣው ኮረንቲ ሁሉ በሽቦው መመለስ አለበት። ጥቂት እንኳ በሌላ መንገድ፣ በብረት ወይም በውሃ ወይም በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት ከፈሰሰ፣ ሶኬቱ ጠቅ ብሎ ይጥላል፤ መብራቱን ይቆርጣል። “ሲጥል ሶኬቱን አትጠርጥሪ፤ የሰካሽበትን ዕቃ እይው” ነው ያለኝ። ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

አስቻለው የብረት መቁረጫውን ግራይንደር የመጀመሪያ ቀን ሲሰካ ጠቅ አለ፣ ጠፋ። መለሰው። ጠቅ። እንደገና መለሰው። ጠቅ።

“ሂርዬ! ይቺ ሶኬትሽ ምን ሆናለች?”

“እሷ ምንም አልሆነችም። ግራይንደርህን እየው።”

“ግራይንደሬ ቤተሰቤን ያኖረ ዕቃ ነው። ነገረኛዋ እሷ ናት። ልክ እንደ አማቴ፤ ትንሽ ኮሽ ሲል ቱግ!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሶኬቱ ስም አማቴ ሆነ። “አማቴ ዛሬ ተነስቶባታል።” “ቀስ በሉ፣ አማቴ እንዳትሰማ።” ሶኬቱ ከወለሉ ብዙም ከፍ ስለማይል፣ ከሥራው ሳይነሳ በእግሩ አውራ ጣት መመለሻውን ጫን ያደርጋል። ግቢው በሳቅ ይሞታል። እኔም እስቅ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። ማንንም ያስቃል።

ግን ግራይንደሩን ቀማሁት። ገመዱ መግቢያው ላይ ተልጦ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ሆዱ ደግሞ የብረት ብናኝ ጠጥቷል። ስቶር ቆለፍኩበትና ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ላለ፣ ሥራውን ለሚያውቅ ጠጋኝ ላክሁት። አስቻለው አኮረፈ። በማግስቱ ማንጎ ይዞ ሊያባብለኝ መጣ፤ ማንጎውን በላሁለት፣ ግራይንደሩን ግን ከኮንዮ ኮንዮ እስኪመለስ አታየውም አልኩት። አዲስ ገመድ ገብቶለት፣ ውስጡ ተጠርጎ ሲመጣ ሰካው። ሠራ። ውሎ አደረ፣ አልጣለም።

“አየህ? ጥፋተኛው አንተ ነህ እንጂ አማትህ አይደለችም!”

“እሺ፣ እንግዲህ ይቅርታ እጠይቃታለሁ” አለና ሶኬቱን እንደ ሕፃን ጉንጭ ቸብ ቸብ አደረገው።

መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ነበር። ገመድ መቀየር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሌላ ጊዜ በረንዳውን የሚያጥቡት ሴቶች ያፈሰሱት ውሃ ሳይደርቅ አስቻለው ብረት በድሪል ይበሳ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ወደ ስቶር መጣና የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። አስቻለው ሳይዘፍን ሲገባ አይቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

“ነዘረኝ” አለ። “ትንሽ ነው። ቶሎ ጠፋች።”

“ማን?”

“አማቴ ናታ። ወዲያው ነው የጠፋችው።”

“ባትጠፋ ኖሮ አሁን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ሰብለ እየሄድኩ ነበር!”

“ለሰብለ እንዳትነግሪብኝ፣ በእናትሽ።”

ሰብለ ሚስቱ ናት፤ ኮንዮ ኮንዮ አጠገብ ትንሽ የፀጉር ቤት አላት። አልነገርኳትም። በማግስቱ ከጁባ ታውን ቦቲ ጫማ ገዝቶ፣ አድርጎት መጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ግቢው ሁሉ “ሙሽራው! ወታደሩ!” እያለ አሾፈበት። ሙቀቱ ሲበረታ ቦቲው በር ሥር ተቀመጠ፣ ከዚያ ቤት ቀረ፣ ከዚያ ጠፋ። ሸበጡ ተመለሰ። ስጮህበት “ማፊ ሙሽኪላ” ይለኛል። ችግር የለም ማለት ነው። ጁባ ውስጥ ችግር ባለበት ቦታ ሁሉ የምትሰሙት ቃል ነው።

ዝናቡ በርትቶ ሳለ ጋሽ ሙሉጌታ ትልቅ ቡኪንግ አገኙ። የዎርክሾፕ እንግዶች ሊገቡ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ኮንቴይነሮች ግን ገና መስኮት አልወጣላቸውም። በዚያው ሰሞን የግራይንደሩ ገመድ ላይ ላሜራ ወድቆ ቆረጠው። አስቻለው ምን አደረገ? ናስትሮ! በዝናብ፣ በጭቃ፣ በናስትሮ። ሶኬቱ መጣል ጀመረ። ይጥላል፣ በአውራ ጣቱ ይመልሳል፣ ይጥላል። እንዳልቀማው ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ግራይንደሩን አቅፎ ይዞራል።

ጋሽ ሙሉጌታ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

“አንተ ሰውዬ፣ በርና መስኮት ልትሠራ ነው የመጣኸው ወይስ ሶኬት ልታስታምም?”

“ገመዱ ነው ጋሼ፣ ያልቃል…”

“በምኑ ነው የሚያልቀው? ዳይሬክት ስጠው!”

ዳይሬክት ማለት ሶኬቱን ዘሎ፣ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ሽቦ በቀጥታ መሳብ ነው። የእኛ ሰው መድኃኒት ነው። የሚጥል ነገር ሁሉ የተበላሸ ይመስለናል። ጀነሬተር ቢያጉረመርም፣ ብሬከር ቢወርድ፣ ሶኬት ቢጥል “ዳይሬክት!” እንላለን፤ ሲሠራ ደግሞ እንደ ጀብድ እናወራዋለን። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብሬከር ሽቦ እንዳይቃጠል ነው የሚጥለው፤ ሰው ሲሞት አይጥልም። ብሬከሩና ሶኬቱ ለየቅል መሆናቸውን ስንቴ ተናገርኩ!

ሮጬ ሄድኩ። “ጋሽ ሙሉጌታ፣ እባክዎ! ገመዱ እስኪቀየር ይታገሱ፤ አሁኑኑ በቦዳ ቦዳ ሞተር ኮንዮ ኮንዮ ልኬ አስመጣለሁ።”

“ሂሩት፣ አንቺ ስቶርሽን ጠብቂ።”

“ስቶሩ የትም አይሄድም! ሰው ነው የሚሄደው!”

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። አስቻለው ሳጥኑን ከፍቷል። ሽቦውን እየጠመዘዘ ነው፤ በገዛ እጁ፣ ምላሱን ጉንጩ ውስጥ ወሽቆ፣ እንደ ጥሩ ሥራ።

“አስቻለው፣ በሰብለ ይዤሃለሁ!”

“ሂርዬ፣ ዛሬን ብቻ” አለኝ። ሳቀብኝ ደግሞ። ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጣ።

ዝናቡ አባራ። እኔ ተናድጄ ስቶር ገባሁ። በሩ ክፍት ስለሆነ የግራይንደሩ ድምፅ ይሰማኛል። ብረት ሲነካ ይጮሃል፣ ሲለቅ ይቀጥናል፤ በመሃል የአስቻለው ዘፈን አለ። ከዚያ ድምፁ ቀጠነና እንደቀጠነ ቀረ። ብረት አልነካም። ዘፈኑም የለም።

ስወጣ ኮንቴይነሩን ተደግፎ ቆሟል። በሸበጥ፣ ውሃ ላይ። ግራይንደሩን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል፤ እየዞረ ነው፤ እጁ አይለቅም። ጥርሱ ገጥሟል። ከሠራተኞቹ አንዱ ሊይዘው ሲሮጥ “እንዳትነካው!” ብዬ ጮህኩና ለግቢው መብራት ወደሚሰጠው ጀነሬተር በረርኩ። ሳጠፋው ወደቀ። ዞር ስል ዓይኑ ወደ እኔ ነበር። ይህን ለማንም ማስረዳት አልችልም።

ክሊኒክ ወሰድነው። ደረቱን ተጫኑት፣ ደጋግመው ተጫኑት። አልሆነም።

ወደ ሆቴሉ ስመለስ ሽቦው የለም። ሳጥኑ ተከድኗል። ሶኬቱ ቦታው ላይ ነው፤ ተወልውሏል እንኳ። ጋሽ ሙሉጌታ ስልክ ይዘው “ልቡ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰሞኑን ይደክመው ነበር” እያሉ ነው። ማታውን “ሳይሆን አይቀርም” የሚለው ወጣለትና “ልቡ ነው” ሆነ። በማግስቱ ቀብር ላይ ሁሉም ያንኑ ይላል። አብረውኝ ያዩት ሳይቀሩ! እንጀራቸው ነው፤ ገባኝ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ወደ ጎን ጠሩኝ። “ልጄ፣ ያየሽውን ለራስሽ ያዢው። እንዴት እንደሞተ ሰብለ ካወቀች ይብስባታል፤ ለእሷ ብለሽ ነው።” ሐዘንተኛን በሐሰት ማባበል ልማዳችን ነው፤ ለእሷ ሲባል ማንን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ የለም።

ሰብለ ደረቷን እየመታች “ቁርሱን በልቶ እየዘፈነ ነው የወጣው! ልቤን አመመኝ ብሎኝ አያውቅም። እናንተን ብሏችሁ ያውቃል?” ትላለች። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ማማ ሜሪ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ በራሷ ቋንቋ ታለቅሳለች። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ወጣሁ።

የሰልስቱ ቀን ጠዋት አንሶላ ላወጣ ሆቴሉ ሄድኩ። ገና በሩን ሳልፍ የግራይንደር ድምፅ ሰማሁ። ከዚያው ኮንቴይነር ነው። አንድ የማላውቀው ሰው የአስቻለውን መስኮት እየቆረጠ ነው። በአስቻለው ግራይንደር፣ ከነናስትሮው! ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት፦ ወደ ሶኬቱ አይሄድም። ሳጥኑ እንደገና ተከፍቷል።

ጀነሬተሩን አጠፋሁ።

“ምነው እህቴ?” አለኝ ሰውየው። “ሶኬቱ ይጥላል እኮ። ዳይሬክት አድርግ ያሉኝ ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። ደግሞ እኔ ለዛሬ ብቻ ነኝ፤ ከነገ ጀምሮ ቋሚ ሰው አለ ብለውኛል።”

ሽቦውን ከሳጥኑ ነቅዬ ግራይንደሩን ከእጁ ወስጄ ስቶር አስገባሁት። የስቶሩን ቁልፍ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ቋሚው ሰው ማን እንደሆነ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሰብለ ቤት ደጃፍ ሸራ ተወጥሯል። የአስቻለው ታናሽ ወንድም ያሬድ እንግዳ ያስተናግዳል። ጢሙን ያበቀለ ጎልማሳ ነው፤ ብየዳውንም ቆረጣውንም ወንድሙ ነው ያስተማረው። ጁባ ከመጣ ብዙም አልቆየም፤ ጁባ ታውን ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን ነው የሚውለው። ጋሽ ሙሉጌታ ከነቤተሰባቸው መጡ፣ አለቀሱ፣ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ተነሱና ሸራው ሥር ላለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ እንዲህ አሉ፦

“አስቻለው ለእኔ ልጄ ነበር። ቤቱ መዘጋት የለበትም። ያሬድ በወንድሙ ቦታ ይግባ። መሣሪያውም እዚያው አለለት፤ ከነገ ጀምሮ ይምጣ።”

“እግዜር ይስጥልን!” አለ ሕዝቡ። “እንዲህ ነው እንጂ ሰው!” ሰብለ የጋሽ ሙሉጌታን ጉልበት ልትስም ከፍራሹ ላይ ተነሳች። ያሬድ እንባውን እየጠረገ ጎንበስ አለ።

“ቆይ!” አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። “ምን ላይ ነው የሚገባው?”

“ሂሩት፣” አሉኝ አንዱ ሽማግሌ፣ “ለቅሶ ቤት ነው።”

“ለቅሶ ቤት ስለሆነማ ነው! ሌላ ለቅሶ ሊደገስ ነው! ሰብለ፣ ስሚኝ። አስቻለው ልቡን አላመመውም። ኮረንቲ ነው የገደለው። ገመዱ የተላጠ ነው፣ ሴፍቲ ሶኬቱ ደጋግሞ ጣለ። ጋሽ ሙሉጌታ ዳይሬክት ስጠው አሉ። እሱ ደግሞ በገዛ እጁ ሶኬቱን ዘሎ ሽቦ ሳበ፤ በሸበጥ ውሃ ላይ ቆሞ ግራይንደሩን ጨበጠ። አልለቀቀውም። ጀነሬተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከክሊኒክ ሳልመለስ ሽቦውን አነሱት፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያንኑ ሽቦ መልሰው ስበውታል። መሣሪያው እዚያው አለለት የተባለው ያ ግራይንደር ነው።”

ጋሽ ሙሉጌታ ፊታቸው ጠቆረ። “ሂሩት፣ ሐዘን ላይ ነን። ይሄን ኋላ እንነጋገራለን።”

“ኋላ የለም ጋሽ ሙሉጌታ! ከነገ ጀምሮ ይምጣ ብለዋል!”

“ተይ እንጂ!” “ሴትየዋን አስወጧት!” ከየአቅጣጫው ጫጫታ ሆነ። ሰብለ እንደተነሳች ቆማ ቀርታለች። የጋሽ ሙሉጌታን ጉልበት አልሳመችም።

“በገዛ እጁ ነው?” አለችኝ።

“በገዛ እጁ።”

“ብለሽው ነበር?”

“ጉሮሮዬ እስኪደርቅ! በስምሽ ለምኜዋለሁ።”

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ጭኗን በጥፊ መታችና “አንተ አስቻለው!” አለች። “አንተ ደንቆሮ! ጫማህን አድርግ ስልህ፣ ጫማህን አድርግ ስልህ! አንተ የማትሰማ!” ሰው አፉን ያዘ። ሽማግሌው ሊያረጋጓት እጃቸውን ሲዘረጉ “ዝም በሉ!” አለቻቸው። “ሦስት ቀን ሙሉ አይታችሁ ዝም አላችሁ፤ አሁንም ዝም በሉ!” ጋሽ ሙሉጌታ ኮታቸውን አነሱ።

ያሬድ አንገቱን ደፍቶ ነበር። “ሰብልዬ” አለ ቀስ ብሎ፣ “እሱ ቸኩሎ ነው። እኔ እጠነቀቃለሁ። ሥራ ነው፣ እንዴት እንቢ እላለሁ?”

ሰብለ ዞራ አየችው። ሄዳ አገጩን ያዘችና ፊቱን ወደ እኔ አዞረችው፤ እንዳይመልሰው ጨብጣ ያዘችው።

“ሂሩት፣ ድገሚው” አለችኝ። “ከመጀመሪያው ጀምረሽ። እጁ እንዴት እንዳልለቀቀ ሳይቀር ንገሪው።”

ወደ ያሬድ ቀረብኩ። ዓይኑን እያየሁ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።